ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማችበት ኩርባ

የእድራችንን ሹፌር ሌባ ነው ብዬ መጀመሪያ ያሰብኩት እኔ ነኝ። ማንም አልገፋፋኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ታሪኩን እያራዘምኩ ስሄድ ጥፋቱን ቀስ ብዬ ለሌሎች እንዳላከፋፍል ስለምፈራ ነው። ራሴን አውቀዋለሁ።

ደምሴ እባላለሁ። የካ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወደ ጋራው ሲወጣ ባለው ሰፈር ተወልጄ እዚያው ሽበት አውጥቻለሁ። ሥራዬ ሬዲዮና ቴሌቪዥን መጠገን ነበር። አሁን ሰው ቴሌቪዥኑ ሲበላሽ ይቀይራል እንጂ አያስጠግንም፣ ስለዚህ ባትሪና ኢንቨርተር እነካካለሁ። ፍቅሬ ግን አማተር ሬዲዮ ነው። ለማያውቀው ሰው ላስረዳ፤ ፈቃድ አውጥተህ፣ የራስህ የጥሪ ምልክት ተሰጥቶህ፣ በራስህ መሣሪያና አንቴና የማታውቀውን ሰው ከሩቅ አገር የምታናግርበት የትርፍ ጊዜ ነገር ነው። ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና "የሚሰማህ ሰው ፍለጋ ባሕር ማዶ ትሄዳለህ፣ እኔ እዚህ አጠገብህ ተቀምጬ" ትለኝ ነበር።

አንቴናዬን ጣሪያዬ ላይ ያቆምኩ ጊዜ ሰፈሩ በጎሪጥ አየኝ። አንዷ ዝናቡን ያስቀረው ይሄ ብረት ነው አለች። ሌላው "ሰላይ ነው፣ ድሮም ሁኔታው አላማረኝም" ብሎ አስወራብኝ። ከወረዳ ሁለት ሰዎች መጥተው ፈቃዴን ሦስት ጊዜ አገላብጠው አነበቡት። ያኔ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ያለ ጥፋት መጠርጠር ምን ያህል እንደሚያንገበግብ የማውቅ ሰው ነኝ ማለቴ ነው። ግን አልተማርኩበትም።

እድራችን አንዲት ነጭ ሚኒባስ አለችው። የኋላ ወንበሮቿ ወጥተው ለአስከሬን ሳጥን ቦታ ተሠርቷል፤ በጎንና በጎን ለሐዘንተኞች አግዳሚ አለ፤ መስኮቶቿ ጥቁር መጋረጃ ለብሰዋል። መንገድ ላይ ስታልፍ የሚያማትበው ያማትባል፣ ሌላው ፊቱን ያዞራል። ወደ ውስጥ አጮልቆ የሚያይ የለም። ሹፌሯ ከማል ነው። ካራ የሚኖር፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ከአንደበቱ ቃል በመከራ የሚወጣ ሰው። እድራችን የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ስለሆነ አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ሌላ ቀን መስጊድ ደጅ ቆሞ ታገኙታላችሁ። እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። የእድሩን ግቢ የምታጸዳው አስካለች መጥረጊያዋን እንደያዘች ጠራችኝ።

"ጋሽ ደምሴ፣ ትናንት ቀብር ነበር እንዴ?"

"አልነበረም። ምነው?"

"እንግዲያው ኑና ይዩ።"

የመኪናዋን የኋላ በር ከፈተችው። ወለሉ እርጥብ ነው። ጥጉ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተለጥፏል፣ አንድ ቀጭን የልጣጭ ቁራጭም አለ። አነሳሁና አሸተትኩት። ትኩስ ነው።

ከእንጦጦ ጋራ ላይ ባሕር ዛፍ በስርቆት እየተቆረጠ እንደሚጫን በዚያ ሰሞን ሁሉም ያወራ ነበር። እርጥብ እንጨት፣ እርጥብ ወለል፣ ቅጠል። አእምሮዬ ውስጥ ነገሩ በአንዴ ገጠመ። የሟቾቻችን ማረፊያ ላይ አጣና! ደሜ ፈላ። ደግሞ ልዋሽ አልችልም፣ ትንሽ ደስም አለኝ። የጠረጠረ ሰው ፍንጭ ሲያገኝ ደስ ይለዋል።

በቀጥታ የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ግርማ ቤት ሄድኩ። ጋሽ ግርማ ጡረታ የወጡ ትራፊክ ፖሊስ ናቸው፤ እስካሁን ሰው ሰላም ሲሉ እንኳ መንጃ ፈቃድ የሚጠይቁ ነው የሚመስሉት።

"እጅ ከፍንጅ ካልሆነ ይክዳል" አሉኝ። "ሾፌር ምን ብሎ እንደሚክድ እኔ ነኝ የማውቀው። ማስረጃ ካለህ አምጣ።"

"አመጣለሁ።"

ማስረጃው መደርደሪያዬ ላይ ነበር። በእጅ የምትያዝ ሳጥን ነች። ከሳተላይት ያለችበትን ቦታ ታነባለች፣ ከዚያ በየደቂቃው ያንን ቦታ በአጭር የሬዲዮ ድምፅ ትልካለች። ድምፁ "ጭርር" ይላል፣ ያልቃል። ጣሪያዬ ላይ ያለው አንቴና ይቀበለዋል፣ ኮምፒውተሩ ካርታ ላይ ነጥብ ያደርገዋል፣ ነጥቡ በስልኬም ይታያል። ሲም ካርድ አያስፈልጋትም። እኛ አማተሮች መኪና ላይ አስረን እንዲህ እንከታተላለን፣ ብዙ ጊዜ ለጨዋታ፣ አንዳንዴም ለሩጫ ውድድር አጃቢዎች። ሰው ሳያውቅ ማሰር ግን ነውር ነው። ይህንንም አውቃለሁ።

በማግስቱ ከማልን "ባትሪዋን ልይልህ" አልኩት። ቁልፉን ያለ አንድ ጥያቄ ሰጠኝ። ከሹፌሩ ወንበር ሥር ተኝቼ ሽቦ ሳስር ከበላዬ ቆሞ በእጅ ባትሪ ያበራልኛል።

"ምንድን ናት ጋሽ ደምሴ?"

"ለባትሪው ናት። እንዳይደክም።"

"አላህ ይስጥልኝ። ጠዋት ጠዋት አልነሳ እያለች አስቸግራኝ ነበር።"

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ከወንበሬ አልተነሳሁም ማለት ይቻላል። ረቡዕ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነጥቡ ከእድሩ ግቢ ወጣ። እህል ወፍጮው ጋ አምስት ደቂቃ ቆመ። ወፍጮው ከቤቴ ሁለት መቶ እርምጃ አይሆንም። ግብረ አበሩን እየጫነ ነው አልኩ። ከዚያ ዳገቱን ያዘ፣ ወጣ፣ ወጣ፣ ባሕር ዛፉ ጥቅጥቅ ያለበት አንድ ኩርባ ላይ ሲደርስ ቆመ። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሙሉ። ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ከዚያው ኩርባ ተነስቶ ወረደ፣ ወፍጮው ጋ ቆመ፣ ግቢ ገባ። አርብም እንደዚያው። በቀጣዩ ረቡዕም። ሰዓቱን በደብተር እጽፋለሁ።

እህቴ እትዬ ወርቄ እኔ ግቢ ውስጥ ካለችው ሰርቪስ ቤት ነው የምትኖረው። እናታችን ቀድማ ስላረፈች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ረቡዕና አርብ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ልጇ ጋ ትሄዳለች፣ የልጅ ልጅ ለመጠበቅ። ሐሙስ ከሰዓት ሻይ ይዛልኝ መጣችና ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጥኩ አገኘችኝ።

"ደግሞ ማንን ነው የምትጠብቀው?"

"አንድ ሌባ።"

"ሌባ መሆኑን በምን አወቅህ?"

"ነጥቡ አይዋሽም እትዬ።"

"ማን ነው?"

"የእድር ምስጢር ነው፣ ሲያልቅ ትሰሚያለሽ።"

ፈገግ አለች። ያን ቀን ፊቷ ገርጥቶ ነበር። "የልጅ ልጅሽ ጨረሰሽ" ብያት ወደ ስክሪኔ ተመለስኩ።

ማታውኑ ካርታውን በወረቀት አሳትሜ ለእድሩ ኮሚቴ አቀረብኩ። አምስት ሰዎች ነበርን። ኩርባው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ክብ አድርጌ "የእንጨት መጫኛ" ብዬ ጽፌበታለሁ። በገዛ እጄ። ሁሉም ከንፈሩን ነከሰ። ነገ አርብ እኔና ጋሽ ግርማ ተከትለን እንድንይዘው፣ እሁድ በጠቅላላ ጉባኤው እንዲባረር ተወሰነ። ምስጢር ነው ተባብለን ወጣን። ነግቶ ዳቦ ልገዛ ስወጣ ባለሱቁ "በሬሳ መኪና እንጨት የሚጭነው ሰውዬ እውነት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

አርብ ሦስት ሰዓት ነጥቡ ተነሳ። እኔ የጋሽ ግርማ ቮልስ ውስጥ ነኝ፣ በአንድ እጄ ስልኬን፣ በሌላው የእጅ ሬዲዮዬን ይዣለሁ። ወፍጮው ጋ አምስት ደቂቃ ቆመ። እኛ እንዳንታይ ታች አስፋልቱ ዳር ጠበቅን።

"ስንት ሰው የጫነ ይመስልሃል?" አሉ ጋሽ ግርማ።

"ለመቁረጥና ለመጫን ቢያንስ ሁለት።"

"መጥረቢያ ይኖራቸዋላ?"

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ጋሽ ግርማ ከወንበራቸው ሥር አንድ ከዘራ አውጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። የሁለታችን ዕድሜ ተደምሮ መቶ ሃያ ዓመት ያልፋል።

ዳገቱን በቀስታ ወጣነው። ብርድ ነበር፣ ጉሙ ገና ከዛፎቹ ላይ አልተነሳም። ስልኬ ላይ ነጥቡ ኩርባው ላይ ደርሶ ቆሟል። እንዲጭኑ ብለን አምስት ደቂቃ ጠበቅናቸው፤ እጅ ከፍንጅ መሆን አለበት። ከዚያ ጋሽ ግርማ ሞተሩን አጥፍተው በእግር እንሂድ አሉ። ጎንበስ ጎንበስ እያልን በመንገዱ ጠርዝ ሄድን። ኩርባው ላይ ብቅ ስንል ማንም የለም።

መኪና የለም። የመጥረቢያ ድምፅ የለም። ስልኬን አየሁት፤ ነጥቡ የቆምንበት ቦታ ላይ ነው።

"የታለ?" አሉ ጋሽ ግርማ።

"እዚህ ነው።"

"እዚህማ እኛ ነን።"

"አግኝቷታል!" አልኩ። "ሳጥኗን አግኝቶ ጫካው ውስጥ ወርውሯታል። ለዚህ ነው የማትንቀሳቀሰው።" ጋሽ ግርማ በከዘራቸው፣ እኔ በእጄ ቁጥቋጦውን መፈተሽ ጀመርን። እሾህ እጄን ቧጨረኝ። ያን ጊዜ ከማል ሌባ ብቻ ሳይሆን አደገኛ ሰው ሆኖ ታየኝ። ዝምታውን አሰብኩት። ባትሪ ያበራልኝ አኳኋኑን አሰብኩት። ሁሉም ነገር ተንኮል መሰለኝ።

አንዲት እናት ከላይ የቅጠል ሸክም አዝለው ሲወርዱ አገኙን። ሁለት ሽማግሌ ቁጥቋጦ ውስጥ ተንበርክከው ሲያዩ ደነገጡ።

"እናቴ፣ ነጭ ሚኒባስ እዚህ ቆማ አላዩም?" አልኳቸው።

"የሬሳዋን? አልፋ ሄደች እኮ።"

"እዚህ አትቆምም?"

"እዚህ ምን ልታደርግ ትቆማለች? ሁልጊዜ አልፋ ነው የምትሄደው፣ ወደ ጋራው ጀርባ።"

ስልኬን ደግሜ አየሁት። ከነጥቡ ሥር በደቃቅ ጽሑፍ አንድ መስመር አለ። ሁልጊዜም ነበረ። ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማው ከሠላሳ ሁለት ደቂቃ በፊት ይላል።

ቁጭ አልኩ፣ ጭቃው ላይ። ኩርባው ጋራው የሚጀምርበት ነው። መኪናዋ ከዚያ ካለፈች በአንቴናዬና በእሷ መካከል ያለው ድንጋይና አፈር ነው። ድምፁ አይደርሰኝም። ካርታው ምንም ስላልሰማ የመጨረሻዋን ነጥብ እዚያው ይዞ ይጠብቃል፣ ስትመለስ ከዚያው ኩርባ ብቅ ትላለች። ይህን የማያውቅ አማተር የለም። እኔ ራሴ ለስንቱ ጀማሪ አስተምሬዋለሁ፤ ነጥቡ መኪናው ያለበት አይደለም፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማበት ነው ብዬ። ግን ያችን መስመር ሦስት ቀን ሙሉ አላነበብኳትም። ማንበብ አልፈለግሁም። መኪናዋ ዝም ስትለኝ ዝምታውን በእንጨት ሞላሁት።

"እዚህ ቆሞ አያውቅም" አልኳቸው ጋሽ ግርማን።

"ታዲያ የት ነው የሚሄደው?" አሁን ደግሞ የባሰ ጠረጠሩ። እኔም ከእሳቸው አላነስኩም። የሰው ልብ አይገርምም?

ወደ ቮልሷ ተመልሰን ጋራውን ዞርን። የእጅ ሬዲዮዬን ከፍቼ መስኮቱ ላይ ያዝኩት። መጀመሪያ ሹሹታ ብቻ ነበር። ከዚያ በጣም ቀጭን፣ ጭርር። ከደቂቃ በኋላ ደገመ። በየደቂቃው እየጠራ መጣ። በመጨረሻ ጆሮ የሚበሳ ሆነና ቀና ስል ነጯ ሚኒባስ ከአንድ የቆርቆሮ በር ፊት ቆማለች። በሩ የፀበል ቦታ በር ነው። ከማል በሩ ላይ ቆሟል፣ ክንዱ ላይ ደረቅ ጋቢ አንጠልጥሏል፣ በእጁ የሴት ነጠላ ጫማ ይዟል።

እኛን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። አልሸሸም። ወደ ቆርቆሮው በር ዞር ብሎ ቆመ፣ ለመከለል እንደሚሞክር ሰው።

"ጋሽ ደምሴ፣ እባክዎ ይመለሱ" አለኝ ዝግ ብሎ። "አሁን አይሁን።"

"ማነው ውስጥ ያለው?" አሉ ጋሽ ግርማ።

በሩ ተከፈተ። አንዲት ሴት ሌላዋን ደግፋ ወጣች። የተደገፈችው ከራሷ እስከ እግሯ ውሃ ናት፣ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ቀሚሷ ደረቷ ላይ ተጣብቆ በአንድ በኩል ፋሻ ይታያል። ቀና አለች። እትዬ ወርቄ ናት።

ጋሽ ግርማ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከማል እንግዳ ሰው እንደሌለ ሁሉ ጫማዋን ከፊቷ አስቀመጠ፣ ጋቢውን አለበሳትና ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ።

"ደሜ?" አለች። "ማን ነገረህ?"

"ነጥቡ" አልኩ።

ትንሽ አየችኝና ገባት። እየተንቀጠቀጠች ሳቀች። "ሌባህ እኔ ነኛ!"

ስንመለስ መኪናዋ ውስጥ አጠገቧ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ከልብሷ የሚንጠባጠበው ውሃ ወለሉ ላይ ይሄዳል። በሩ ጥግ አንድ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተጋድሟል፤ ከማል ሁልጊዜ ውሃውን በእሱ ነው የሚጠርገው።

ጡቷ ላይ እብጠት ካገኘች ወራት አልፈዋል። ሐኪም አይቷት ሕክምና ጀምሪ ብሏት ፈርታለች። የልጅ ልጅ መጠበቅ የሚባል ነገር አልነበረም።

"ለምን በዚች መኪና?" አልኳት።

"በታክሲ ብሄድ ሰፈሩ ሁሉ ወዴት ነው ይለኛል። በዚች ግን ማንም አያየኝም። ሰው ፊቱን ያዞርልኛል።" ጋቢውን ሰበሰበች። "ደግሞ ሳልሞት ለመድኳት።"

"እኔስ? ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ መቼ ጀመረሽ ትለኛለህ። ማን አየሽ፣ ወረቀቱ የታለ፣ ለምን እስካሁን ዝም አልሽ። አውቅሃለሁ ልጄ። የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም የፈለግሁት፣ የሚያደርሰኝ ነው። ከማልን ለመንኩት፣ በልጆቹ አስማልኩት።"

አለቀስኩ። ባለቤቴ ስትሞት እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

የእድሩ ግቢ ደርሰን እትዬን ካስገባናት በኋላ ከማል ጠጋ አለኝ።

"ጋሽ ደምሴ፣ ያቺን የባትሪ ዕቃ ውሃ እንዳይነካብኝ በላስቲክ ጠቅልዬአታለሁ። አላበላሸኋትም አይደል?"

ከወንበሩ ሥር አየሁ። በጥንቃቄ፣ ሁለት ጊዜ ተጠቅልላ፣ አፉ በክር ታስሯል።

"ከማል" አልኩት፣ "የባትሪ አይደለችም።" ሁሉንም ነገርኩት። ጋሽ ግርማ ወደ ጋራው እያዩ ቆመው ነበር። ከማል ጨርሼ እስክነግረው አላቋረጠኝም።

"ባለቤቴ ዛሬ ጠዋት ደውላልኝ ነበር" አለ በመጨረሻ። "እንጨት ትሰርቃለህ ይላሉ አለችኝ። ከየት መጣ ብዬ ሳስብ ነው የዋልኩት።" ቁልፉን አውጥቶ ለጋሽ ግርማ ዘረጋላቸው። ጋሽ ግርማ አልተቀበሉትም።

እትዬ ወርቄ አፌን በመሐላ አሰረችው። ስለ ሕመሟ ለማንም ትንፍሽ እንዳልል። እሁድ ጠዋት ለጉባኤው የተተከለው የእድሩ ድንኳን ሞልቷል። ተነስቼ "ያቀረብኩት ካርታ ስህተት ነው። መኪናዋ እዚያ ቦታ ቆማ አታውቅም። ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ" አልኩ።

"ታዲያ የት ነበረች?" አለ አንዱ።

"እሱን መናገር አልችልም።"

ድንኳኑ ታመሰ። "ተስማምተው ነው!" "ጸሐፊውም አለበት!" አንዱ ደግሞ "ድሮም እኮ አንቴናው..." ብሎ ጀመረ። ከማል ዳር ላይ ተቀምጦ እጆቹን ያያል። አፉን ቢከፍት ነፃ ይወጣል። አልከፈተም። ጋሽ ግርማ "ሥነ ሥርዓት!" እያሉ ጠረጴዛውን ይመታሉ። ይባረር የሚሉ እጆች መነሳት ጀመሩ።

ያን ጊዜ ከሴቶቹ መካከል እትዬ ወርቄ ተነሳች። ወንበሩን ይዛ፣ ቀስ ብላ።

"እጃችሁን አውርዱ" አለች። "መኪናዋ ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ። ታምሜአለሁ። ይህ ልጅ ፀበል ሲያደርሰኝ ነው የከረመው፣ የእናንተን ሬሳ በሚያነሳበት ክብር እኔን በቁሜ አንስቶኛል። የሚባረር ካለ እኔን አባሩ።"

እጆቹ ወረዱ። ከዚያ አስካለች፣ ቅጠሉን መጀመሪያ ያየችው፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እኔ ግን የማስታውሰው ከማልን ነው። ስሙ ሲነጻ አልተደሰተም። ራሱን እየነቀነቀ "እማማ ወርቄ፣ ለምን? ለምን?" ይል ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ መሣሪያ አትያዙ አልላችሁም። እኔም አንቴናዬን አላወረድኩም። ግን ዛሬ በስልካችሁ የልጃችሁን፣ የባላችሁን፣ የሠራተኛችሁን ነጥብ የምታዩ ብዙ ናችሁ። ነጥቡ ሲቆም ልባችሁ ምን እንደሚሞላበት ተመልከቱ። እኔ ከጎኔ ያለች እህቴ ስትገረጣ ሳላይ ከጋራው ጀርባ ያለች መኪና ስከታተል ነበር። አሁን ሰው ዝም ሲለኝ ከመገመቴ በፊት ሄጄ ደጁን አንኳኳለሁ። ስገባም ጥያቄ ይዤ አልገባም፣ ወይም እንደዚያ እሞክራለሁ። ጠባይ በቀላሉ አይለቅም።

ሳጥኗ አሁን ከከማል ፊት፣ መሪው አጠገብ ናት። ማብሪያ ማጥፊያ ሠራሁላት፣ የሚነካው እሱ ብቻ ነው። አንዳንድ ቀን ያጠፋታል። የት ነበርክ ብዬው አላውቅም።

እትዬ ወርቄ ሐኪም ቤቱንም ጀመረች፣ ፀበሉንም አልተወችም፤ ሁለቱም ጋ ከማል እያደረሳት እኔ አጠገቧ እየተቀመጥኩ። ዓመት ሳይሞላት አረፈች። የቀብሯ ዕለት የአስከሬኗ ሳጥን ተጭኖ ሁላችን ከገባን በኋላ ከማል ሞተሩን አስነሳ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ መሪው አጠገብ ያለውን ማጥፊያ ተጫነው፣ ትንሿ መብራት ጠፋች።

"ዛሬ አታስፈልግም" አለኝ ሳይዞር። "ዛሬ አብረዋት ነዎት።"